ለሽያጭ የቀረበ ፈረስ እንዴት ዘላይ ሆነ? የደብሊን የፈረስ ትርኢት ታሪክ

(ፈረስ ለሚወዱ ሰዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ የተነሱ ጥያቄዎችንም ጨምሬበታለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ብዙ ሳላንዛዛ ልግባበት።

የፈረስ ዝላይ ውድድር በቴሌቪዥን ያላየ ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም። ሽክ ያለ ጋላቢ፣ ቀለም የተቀቡ አግዳሚ እንጨቶች፣ አንዱ ሲወድቅ አራት የቅጣት ነጥብ፣ ከላይ የሚቆጥር ሰዓት። የሀብታም ጨዋታ ይመስላል። ዛሬ ነውም፣ አልክድም። ሲጀመር ግን ለጨዋታ አልነበረም፤ ለሽያጭ ነበር። ሻጩ ፈረሱን ይዞ ቀረበ፣ ገዢው ደግሞ «እስቲ ይዝለልና ልየው» አለ። በቃ፣ የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

እኛ የፈረስ ጨዋታ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ጉግስ ነው። ጉግስ የጦር ሜዳ ልጅ ነው። ማሳደድ አለ፣ ዘንግ መወርወር አለ፣ በጋሻ መመከት አለ፣ ዞሮ ማምለጥ አለ። ጨዋታውን ያየ ሰው ጦርነቱ ምን ይመስል እንደነበር ይገባዋል። የአየርላንዱ ዝላይ ግን የገበያ ልጅ ነው። ሜዳው ላይ የምታዩት እያንዳንዱ ነገር አንድ ገዢ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንን ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ከድርጅቱ ልጀምር። በ1731 ደብሊን ውስጥ 14 ሰዎች ተሰብስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማቸው ግብርናን፣ የእጅ ሥራንና ጠቃሚ ጥበባትን ማሻሻል ነበር። በ1820 «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ ተጨመረለትና ንጉሣዊ የደብሊን ማኅበር ተባለ። ሰዎቹ አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ገበሬን ስብከት አይለውጠውም፣ ሽልማት ግን ይለውጠዋል። ጥሩ ያመረተ ይሸለም፣ ዛፍ የተከለ ይሸለም፣ ጥሩ ከብት ያረባ ይሸለም። ጎረቤትህ ተሸልሞ ሲመለስ ዝም ብለህ አታይም አይደል? የግብርና ትርኢት የሚባለው ነገር በብዙ አገር የበቀለው ከዚህ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ከብትና እህል፣ ፈረሱ የመጣው ቆይቶ ነው።

አሁን የአየርላንድን ገበሬ ፈረስ ማወቅ አለባችሁ፤ ያለዚያ ዝላዩ ትርጉም አይሰጥም። ገበሬው ቤት አንዲት ጠንካራ ባዝራ አለች። በሥራ ቀን ታርሳለች፣ ጋሪ ትጎትታለች፣ እሁድ ቤተሰቡን ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። ይቺ ባዝራ ከእሽቅድምድም ዘር ድንጉላ ጋር ስትገናኝ የምትወልደው ውርንጭላ የእናቱን አጥንትና እርጋታ፣ የአባቱን ፍጥነት ይዞ ይወጣል። እሱ ነው የቤቱ ጥሬ ገንዘብ። አድጎ ለቀበሮ አደን የሚሆን ፈረስ ከወጣው ከእንግሊዝ ድረስ ገዢ ይመጣለታል። የጦር ሠራዊት ገዢዎችም ይመጣሉ። ለአደን ካልሆነ ግን ያው እንደ እናቱ ጋሪ ነው ዕጣው፤ የሁለቱ ዋጋ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ለአደን መሆን ማለት ምን ማለት ነው? የአየርላንድ መሬት በትንንሽ ማሳ የተከፋፈለ ነው። በምዕራብ በኩል ማሳዎቹን የሚለያቸው የድንጋይ ካብ ነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከፍ ብሎ የተቆለለ የአፈር ግድብ ከነቦዩ። ቀበሮ ይህን ሁሉ እያቋረጠ ይሮጣል፣ ውሾች ከኋላው፣ ፈረሰኛው ከውሾቹ ኋላ። የማይዘል ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አደኑን ከመጀመሪያው ካብ ማዶ ሲርቅ እያየ ይቀራል። ስለዚህ ገዢው መልክ ብቻ አይቶ አይከፍልም። ገበያ ወጥቶ የእርሻ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ ካየ በኋላ ሲራመድ አይቶ፣ ጫንቃውን ዳብሶ፣ ከተቻለም ጠምዶ ሞክሮ ነው ኪሱን የሚፈታው።

የመጀመሪያው የደብሊን የፈረስ ትርኢት በ1864 ተካሄደ። ዝላይ የሚባል ነገር ግን የገባው በ1868 ነው። ቦታው ሌንስተር ሃውስ የሚባለው ትልቅ ሕንፃ ግቢ ነበር። ሕንፃውን ማኅበሩ በ1815 ገዝቶታል፤ ዛሬ የአየርላንድ ፓርላማ የሚሰበሰብበት ነው። አሁን እዚያ ግቢ የሚዘለለው አጀንዳ ብቻ ነው። ያኔ ግን የከፍታ ዝላይ ነበር፣ የርዝመት ዝላይ ነበር፣ የድንጋይ ካብም ነበር።

ደንቡን ስሙልኝማ። መሰናክሉ «ዳኞቹን በሚያረካ ሁኔታ» መታለፍ አለበት። አለቀ። ነጥብ የለም፣ ሰዓት የለም። ዳኛው ደስ ካለው አለፍክ። ለከፍታውና ለርዝመቱ አንደኛ የወጣ 5 ፓውንድ፣ ሁለተኛ የወጣ 2 ፓውንድ ያገኛል። የአሸናፊዎቹ አሸናፊ 10 ፓውንድና ዋንጫ፣ ተከታዩ አለንጋና 5 ፓውንድ። ብሩ እንደ ስፖርት ሽልማት ካያችሁት ትንሽ ነው። ግን ማን ለሽልማቱ ብሎ መጣ? ትልቁ ብር ያለው አጥሩን ተደግፎ የሚያየው ገዢ ኪስ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያን ዘመን ትርኢት የአህያና የበቅሎ ምድብም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ምን ያህል ገበሬያዊ እንደነበር እንድታዩት ነው። ለበቅሎ ያለንን ክብር ለምናውቅ ለእኛ ደግሞ የሚያስደስት ነገር ነው።

ዝላይ ከመምጣቱ በፊትም ሆነ በኋላ የትርኢቱ ዋና ነገር የፈረስ ምዘና ነበር። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አሰልቺ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከዝላዩ ይበልጥ ይጥመኛል። ፈረሶቹ በክብ ይዞራሉ፣ በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በግልቢያ። ከዚያ ይሰለፋሉ። ከዚያ ደግሞ ዳኛው ራሱ ይወጣባቸዋል! አዎ፣ ዳኛው። የአደን ፈረስ ምድብ ላይ ዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይፈርድም፤ እያንዳንዱን ፈረስ ጋልቦ ነው የሚፈርደው። ለምን? ገዢው የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ነዋ። ከውጭ ሲታይ የሚያምር፣ ኮርቻው ላይ ሲወጡ ግን አፉ ደረቅ፣ ልጓም የማይሰማ ፈረስ ሞልቷል።

ምድቦቹ የሚከፋፈሉትም ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ተብለው ነው። ፈረሱ የሚመዘን እንዳይመስላችሁ፤ የሚለካው ሊሸከም የሚችለው ሰው ክብደት ነው። ማለትም ምድቡ የወጣው በገዢው ሆድ ልክ ነው። ቦርጫም ጌታ ቀጭን ፈረስ ገዝቶ አደን ቢወጣ ሁለቱም እንደሚጎዱ ማንም ያውቃል። ጥያቄው እንግዲህ «ይህ ፈረስ ማንን ይሸከማል?» የሚል ነው። ትርኢቱ መልሱን በአደባባይ ይሰጣል።

በ1881 ትርኢቱ ቦልስብሪጅ ወደሚባለው ሰፊ ቦታ ተዛወረ። እስከዛሬ እዚያው ነው። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ድረስ አንዱን መሰናክል ዘልለህ ትቆማለህ፤ ከ1881 ጀምሮ ግን መሰናክሎቹ ተከታትለው ተደረደሩና ፈረሱ ሳይቆም ሁሉንም ይዞር ጀመር። ካብ አለ፣ ውሃ አለ፣ የአፈር ግድብ አለ። የአየርላንድ ማሳ ከነአጥሩ ተሰብስቦ ከተማ ገባ ማለት ነው።

የአፈር ግድቡን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። ፈረስ እንዲህ ያለውን ግድብ በአንዴ አያልፈውም። ዘልሎ አናቱ ላይ ያርፋል፣ እዚያ ላይ እግሩን ያስተካክላል፣ ከዚያ ማዶ ወዳለው ቦይ አሻግሮ ይወርዳል። ጉልበት ብቻ አይበቃውም፣ ጭንቅላት ይፈልጋል። ቸኩሎ የሚሮጥ ፈረስ ከነጋላቢው ተገልብጦ ቦይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ግድቡ የሚጠይቀው «ያስባል ወይ?» የሚል ነው።

አቆጣጠሩ ራሱ ከአደን የተቀዳ ነበር። በእንግሊዝና በአካባቢው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ መሰናክል በፊት እግር ሲመታ ቅጣቱ አራት፣ በኋላ እግር ሲመታ ሁለት ነበር። ለዛሬ ተመልካች እንጨቱ ወደቀ ወደቀ ነው፣ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሜዳ ላይ ግን ልዩነቱ የነፍስ ነው። የፊት እግሩ ካብ የመታ ፈረስ ይደፋል፣ የኋላ እግሩ የነካ ፈረስ ግን ቢጫር እንጂ አይወድቅም። መሰናክሉ ላይ ቀጭን የእንጨት ጠፍጣፋ ይደረግ ነበር፤ እሷን የጣለ ግማሽ ነጥብ ይቀጣል። ሰዓት ስለማይቆጠርም ጋላቢው ካልተመቸው መሰናክሉ ፊት ዞሮ፣ ደግሞ ዞሮ፣ ሲያሻው ይዘላል። ተመልካች ያዛጋል። ሰዓት የገባው ኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥያቄው ከገዢው እጅ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ዞረ።

ሴቶችስ? በደብሊን ዝላይ ላይ ሴቶች የተወዳደሩት ከ1919 ጀምሮ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ትርኢቱ ለዓመታት ተቋርጦ የተመለሰበት ዓመት ነበር። ኦሊምፒክ ላይ በዝላይ ለመወዳደር ግን እስከ 1956 መጠበቅ ነበረባቸው። አንድ የእርሻ ትርኢት ኦሊምፒክን በ37 ዓመት ቀደመው። ይህ መቼም ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ 1926 ልውሰዳችሁ፣ ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። አየርላንድ አዲስ መንግሥት ናት፣ ከነፃነት ጦርነትና ከእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቷ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ዚግለር የተባለ የስዊዘርላንድ ጦር ኮሎኔል «ለምን የተለያዩ አገሮች በደብሊን አይወዳደሩም?» ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህን የሰማው አጋ ካን፣ እስማኤላውያን የሚባሉት የሺዓ ሙስሊሞች መሪና ዕውቅ የፈረስ ሰው፣ ዋንጫ እሰጣለሁ አለ። በ1926 ስድስት አገሮች ተሰለፉ፦ አየርላንድ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅየም፣ ሆላንድና ስዊዘርላንድ። ማን አሸነፈ? ስዊዞች። በምን ፈረስ? በአየርላንድ ፈረስ!

እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። አስተናጋጇ ተሸንፋም አሸንፋለች። ስዊዞቹ ደንበኞች ናቸው፤ የገዙትን ዕቃ ይዘው መጥተው በሻጩ ደጃፍ በዓለም ፊት አስመሰከሩለት። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በየትኛው ብር ይገዛል?

የአየርላንድ መንግሥትም ነገሩ ገብቶታል። በዚያው በ1926 የጦሩን የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ዓላማው ውጊያ አልነበረም። መኮንኖች በአገር ውስጥ በተወለደ ፈረስ በየአገሩ ሄደው እንዲወዳደሩና ፈረሱን እንዲያሳዩ ነው። በመንግሥት ደመወዝ የሚኖር ደላላ ብላቸው አይከፋቸውም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በ1928 ፖል ሮድዚያንኮ የሚባል ከአብዮቱ በኋላ አገር አልባ የቀረ የሩሲያ ንጉሣዊ ጦር መኮንን አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ይህ ሰው የጣሊያናዊውን የካፕሪሊን ስልት የተማረ ነው። ከካፕሪሊ በፊት ጋላቢ ሲዘል ወደ ኋላ ይለጠጥና ልጓሙን ይስብ ነበር። ካፕሪሊ ግን ወደ ፊት ዘንበል በል፣ ክብደትህን ከፈረሱ ወገብ ላይ አንሳ፣ አንገቱን ልቀቅለት አለ። ዛሬ የምታዩት አዘላለል ሁሉ የሱ ነው። ሮድዚያንኮ በመጣበት ዓመት አየርላንድ የአጋ ካንን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። በ1930ዎቹም ተከታትላ አሸነፈችና በ1937 ዋንጫው የግሏ ሆኖ ቀረ፤ ለቀጣዮቹ ውድድሮች በዚያው ስም ሌላ ዋንጫ ተተካ።

ደብሊንን ብቻ ሳወራ የገጠሩን ትርኢት እንዳልረሳ። በምዕራብ ኮነማራ የሚባል ድንጋያማ፣ ረግረጋማ አካባቢ አለ። እዚያ ያለው ፈረስ አጭር ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። በ1923 የአርቢዎች ማኅበር ተቋቋመለት፣ በተከታዩ ዓመት ትርኢት ተጀመረ፤ ከ1947 ወዲህ ክሊፍደን በምትባለው ከተማ ይካሄዳል። የዘር መዝገቡ ላይ ቁጥር አንድ ሆኖ የተጻፈው ድንጉላ ካነን ቦል ይባላል፣ «የመድፍ ጥይት» እንደማለት። በ1904 የተወለደ ነው። የአካባቢውን የገበሬዎች እሽቅድምድም 16 ዓመት በተከታታይ አሸንፏል ይባላል። ከውድድሩ በፊት በነበረው ሌሊት ግማሽ በርሜል አጃ ይሰጠው ነበርም ይላሉ። ሲሞት ደግሞ እንደ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ለቅሶ ተቀመጡለት። ሥራው ግን ጋሪ መጎተት ነበር።

የኮነማራ ደም ካለባቸው መካከል ዱንድረምም አለ። ቁመቱ 1.52 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለዓለም አቀፍ ዝላይ ጥቁር አንበሳ መሃል የገባ ፍየል ይመስላል ብለው ሳይስቁበት አልቀሩም። እሱም ከጋሪ ተፈትቶ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ጋላቢው ቶሚ ዌድ ነበር። በ1963 አየርላንድ የአጋ ካንን ዋንጫ ስታነሳ ዱንድረም ከቡድኑ ፈረሶች አንዱ ነበር። የትርኢቱ ታሪክ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት እሱን ነው ብትሉ አልከራከርም።

ከዚያ ትራክተር መጣ። ትንሿን የእርሻ ትራክተር ለብዙኃኑ ገበሬ ያደረሰው ሃሪ ፈርጉሰን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአየርላንድ ገበሬ ልጅ ነው፣ ከዳውን አውራጃ። በ1946 የወጣችው ግራጫዋ ትራክተሩ በየማሳው ስትገባ ያቺ የማረሻ ባዝራ ሥራ አጣች። ብዙዎቹ ለሥጋ ተሸጡ። አዩ እንግዲህ፣ ባዝራዋ ከጠፋች ያ ድንቅ የአደን ፈረስ ከየት ይወለዳል? የአየርላንድ የሥራ ፈረስ መዝገብ በ1917 ነበር የተከፈተው፤ ዝርያውን ከመጥፋት ለማዳን በ1976 ሌላ ማኅበር ማቋቋም ግድ ሆነ።

በዚያው በ1976 ደብሊን ላይ ሌላም ነገር ሆነ። ቅድም ያልኳችሁ የአፈር ግድቦች ከዋናው ሜዳ ተነሱ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሜዳው ለሌላ ዝግጅትም እንዲያገለግል ነው። ከአስተዳደር አንጻር ትክክል ነው። እኔ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል። ግድቡ ሲነሳ «ያስባል ወይ?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ተነሳ። የቀረው «ምን ያህል ከፍ ይላል? ምን ያህል ይፈጥናል?» ነው። ይህን መንገድ እስከ ጥግ ከሄድክበት የት እንደሚያደርስ በ1949 ቺሊ ውስጥ ታይቷል፦ ካፒቴን አልቤርቶ ላራጊቤል ኋሶ በሚባል ፈረስ 2.47 ሜትር ዘለለ፤ እስከ ዛሬ ያንን የበለጠ የለም። ግሩም ነው፣ ግን 2.47 ሜትር ካብ ያለው ማሳ የትም የለም። የሚገዛው ሰው ምን ሊያደርግበት ነው?

እርግጥ አየርላንዶች አልከሰሩም። ግድቡ በተነሳ ማግስት፣ ከ1977 እስከ 1979 ኤዲ ማከን ቡመራንግ በተባለው ፈረስ ከጓደኞቹ ጋር የአጋ ካንን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አከታትለው ወስደው ደግመው የግላቸው አደረጉት። ገበያውም አልሞተም። የአደን ፈረስ ምድቦቹ ዛሬም አሉ፣ ዳኛውም ዛሬም ይጋልባል። ተመልካቹ የሚበዛው ግን ለዝላዩ ነው።

እዚህ ላይ ላብቃና ጥያቄ ልቀበል።

አንድ ወንድም «እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም?» ብሎ ጠየቀኝ። ያልኩት ይህን ነው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ትርኢት የለንም አይልም። አዊ ውስጥ ደግሞ ገበሬው በፈረስ ያርሳል፣ ይህ ብዙ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው። የፈረንጅ አግዳሚ እንጨት ከማስመጣት ይልቅ ያንን የሚያርሰውን ፈረስ፣ ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ የሚመዝን ዳኛ ቢኖር እመርጣለሁ። ጀርባው ቆስሏል ወይ? ኮቴው ተጠብቋል ወይ? የጋሪ ፈረሶቻችንን ጀርባ ያየ ሰው ይህ ጥያቄ ከዝላይ እንደሚቀድም ያውቃል።

አንዲት እኅት ደግሞ «አየርላንድ ውስጥ አሁን በፈረስ የሚያርስ ሰው ጨርሶ የለም?» አለችኝ። ለኑሮ ብሎ የሚያርስ ማግኘት ይከብዳል። ለውድድር ግን አለ። በ1931 ሁለት አውራጃዎች፣ ዌክስፎርድና ኪልዴር፣ «የኛ አራሾች ይበልጣሉ» ተባብለው ተከራከሩና አታይ በምትባል ከተማ አጠገብ ተፋጠጡ። ብሔራዊ የእርሻ ሻምፒዮና የሚባለው ከዚያ ተጀመረ። ትራክተር ከገባም በኋላ የፈረስ ምድቡ አልተሰረዘም። ሁለት ፈረስ ተጠምዶ፣ ሰውዬው እርፉን ጨብጦ፣ እያዋዛ ሲሄድ ታያላችሁ። እዚያ ዳኛው ፈረሱን ብዙም አያየውም፤ ጎንበስ ብሎ የሚያየው ትልሙን ነው።